ከገጹ ሥር ያለው መስመር

የሌሊት ተረኛ፣ መዝገብ ያዥ ነኝ እኔ፤
ሰው ሲተኛ እነቃለሁ፣ ሌሊት ነው ቀኔ።
በቱኩማን ምድር፣ ሐምሌ ብርዱ ሲጠና፣
ፋብሪካው አይተኛም፣ አጨዳ ነውና።
ማቴዬን በቀሰም እየመጠጥኩ በዝግታ፣
ቁጥር እለቅማለሁ ከማታ እስከ ማታ፦

የገባውን ሸንኮራ፣ የወጣውን ስኳር፣
የእንፋሎቱን ግፊት፣ የቀበቶውን ዙር፣
ሁሉን እጽፋለሁ። ከገጹ ሥር ደግሞ
«አደጋ» የሚል መስመር ይጠብቃል ቆሞ።

እሱን ነው የምፈራው።

ያን ሌሊት፣ ዘጠኝ ላይ፣ ትልቁ መፍጫ ታነቀ፤
የዘወትር ጩኸቱ ከጆሮ ራቀ።
ዝምታ ያስፈራል ማሽን ለለመደ፤
ኒካኖር ተነሣ፣ ወደዚያው ወረደ።
ግን ከመውረዱ በፊት፣ አልቸኮለም እሱ፣
ቀይ ጓጉንቸር መዘዘ ከደረት ኪሱ።
ማብሪያውን አወረደ፣ ቀጭ አርጎ ቆለፈው፤
መክፈቻውን በክር አንገቱ ላይ አሰረው።
ደግሞ ማስነሻውን ሁለቴ ተጫነ፤
ማሽን ሞቷል ቢሉት፣ ሳይሞክር መች አመነ!

ጓጉንቸሩ ሆድ ላይ፣ የምስማር ጭረት ጽሑፍ፦
«ኒካኖር። ውስጥ ነኝ።»
ሌላው ቃል ሁሉ ትርፍ።

መጣ ባሳልዱዋ፣ የፈረቃው አለቃ፣
ነጭ ቆቡን ደፍቶ፣ እንቅልፉ ሳይነቃ።
«ውጪ አርባ መኪና፣ ሸንኮራው እየሸተተ፣
እኔ እዚህ ልቆም ነው ሰዓቱ እየሞተ?
ኒካኖር ወጥቷል፣ ቅድም ሲያጨስ አየሁት፤
መቁረጫውን አምጡና ይህን ብረት ቁረጡት!»

ኤርሜሊንዳ ቆመች፣ ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጥታ፤
አልጮኸችም፣ አልተሳደበች፣ ነገረችው በእርጋታ፦
«የቆለፈው እጅ ነው የሚከፍተው፤ ሌላ እጅ የለውም።
ወጥቷል ካልክ፣ ጥራውና ይክፈተው። እኔ አላየሁትም።»

«ላባርርሽ እችላለሁ!»
«ትችላለህ። ሲነጋ።
አሁን ግን ሌሊት ነው፣ ሳጥኑም እንደተዘጋ።»

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ፤
ጣትስ? ክንድስ? በየት በኩል ይለቀማሉ?
በሦስት ጣት ነው እኔ ብዕር የምይዘው፤
ሁለቱን ይኸው መፍጫ፣ ድሮ ነው የወሰደው።
ያኔ ሕጉ «ቶሎ» ነበር፤ ቶሎም አለቀ፤
ሰባት ደቂቃ ተረፈ፣ ሁለት ጣት ወደቀ።
ዛሬ ሕጉ ግድግዳ ላይ አለ፣ ጭስ አጥቁሮታል፤
አዲስ ገቢ ያነበዋል፣ የቆየ ይደገፍበታል።

ያን ጊዜ ከሥር፣ ከብረት ጥርሶቹ መሐል፣
እንደ ጉድጓድ ውኃ የራቀ ድምፅ ይሰማል፦
«መዶሻ አቀብሉኝ! ትልቁን!
ይሄኛው አልቻለም።»

ማንም ለአፍታ አልተነፈሰም።

ሲያጨስ የታየው ሴሌዶኒዮ ነበር፣ ወንድሙ፤
ያው ጺም፣ ያው ካፖርት፤ የሚለየው ስሙ።
ስሙ ደግሞ ጓጉንቸሩ ላይ።
ባሳልዱዋ ቆቡን አወለቀ። መልሶ ደፋው።
መዶሻውን ራሱ ነው ጎንበስ ብሎ ያቀበለው።
ይቅርታ አላለም፤ የጠበቀም የለ።
በር ላይ አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋና ዝም አለ።

ወጣ ኒካኖር፣ አሥር ከሩብ ላይ፣ ቅባት ለብሶ፣
የጋሪ ሞላ ስባሪ ይዞ፤ «ይሄ ነው» አለ፣ አስነጥሶ።
ክሩን ካንገቱ ፈታ፣ ከፈተ፣ ኪሱ ከተተ፤
መፍጫው እንደገና አጓራ፣ ሸንኮራ ጎተተ።
ማንም አላጨበጨበ። ኤርሜሊንዳ አዛጋች።
ሲነጋም አልተባረረች፣ አልተመሰገነች።

ከገጹ ሥር ደረስኩ፤ ያ መስመር ቆሟል፤
«ምንም» ብዬ ጻፍኩበት። ማን ያነብና ያምናል
ይህ «ምንም» የሚሉት ስንት ነገር እንደሆነ፦
አንድ ጓጉንቸር፣ አንዲት ጀርባ፣ አንድ ሰው ያላመነ።

ኒካኖር ጓንቱን ረስቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤
ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ አሥር ጣቱን ዘርግቶ፣
እንደ ተወለደ።